ያለ ሚስማር የሚቆም ረከቦት

ቤታችሁ ውስጥ የሚነቃነቅ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ካለ እስቲ ገልብጡትና እግሩ ከአካሉ ጋር የተያያዘበትን ቦታ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት አንድ ሁለት ሚስማር፣ ዙሪያውን የደረቀ ኮላ፣ ምናልባትም ኋላ ላይ «ይጠንክር» ተብሎ የተጨመረ ሦስተኛ ሚስማር ነው። እንጨቱ ደህና ነው፣ ሚስማሩም ደህና ነው፤ የላላው መጋጠሚያው ነው። የእንጨት ሥራ ትምህርት ዋናው ምዕራፍ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሁለት እንጨቶች እንዴት ሲገናኙ እንደማይላቀቁ ያወቀ ሰው ማሽን ባይኖረውም በመጋዝ፣ በመሮና በመዶሻ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ ይሠራል።

መጋጠሚያን በባዶው ከማወራላችሁ አንድ ዕቃ ይዘን ብንሄድ ይሻላል። የመረጥኩት ረከቦት ነው። ትንሽ ስለሆነ በመኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ብዙ እንጨት አይፈጅም፣ ጥሩና መጥፎውን ለመለየት ደግሞ ቡና የሚጠጣ ሁሉ ባለሙያ ነው። ትንሽ በመሆኑም አትናቁት። ከነስኒው ተነስቶ ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ በእግር ይገፋል፣ ውኃና ቡና ይፈስበታል። መጋጠሚያን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

በመጀመሪያ ግን ስለ እንጨቱ ራሱ። እንጨት በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩ ረዣዥም ቃጫዎች ክምችት ነው። እፍኝ ሙሉ ስንደዶ አጥብቃችሁ ይዛችኋል እንበል። የዚህን እፍኝ ጎን ከሌላ እፍኝ ጎን ጋር በኮላ ብታጣብቁት ዘንጎቹ በሙሉ ርዝመታቸው ይነካካሉ። ጫፉን ከጫፍ ብታጣብቁት ግን የሚገናኘው ክፍት አፍ ከክፍት አፍ ነው፤ ኮላውንም ቀዳዳዎቹ መጥጠው ይጨርሱታል። ሚስማርም ያው ነው። ከጎን ሲመታ ቃጫዎቹን አቋርጦ ስለሚገባ ጨምድደው ይይዙታል። ከጫፍ ሲመታ በቃጫዎቹ መካከል ሾልኮ ይገባል፣ በገባበትም መንገድ ሾልኮ ይወጣል። የዚያ የተገለበጠው ወንበር ምሥጢር ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር እርጥበት ነው። ቃጫዎቹ እርጥበት ሲስቡ ይወፍራሉ እንጂ አይረዝሙም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጣውላ ወደ ጎን ያብጣል ይሸማቀቃል፣ ርዝመቱ ግን ባለበት ይቆያል። በሐምሌ አልዘጋም ብሎ የሚያስቸግር በር በጥር እንደ ልብ የሚከፈተውና የሚዘጋው ለዚህ ነው። 35 ሴንቲ ስፋት ያለው የጣውላ ገበታ ከበጋ ወደ ክረምት ሁለት ሦስት ሚሊ ሊሰፋ ይችላል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨት ሲያብጥ ኃይሉ ከባድ ነው። አላፈናፍን ብላችሁ ካሰራችሁት ወይ ማሰሪያውን ይነቅላል ወይ ራሱን ይሰነጥቃል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ያዝን፦ ቃጫ ከቃጫ በጎን ይገናኝ፣ እንጨቱም የሚተነፍስበት ቦታ ይኑረው። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ የፈለሰፈው አብዛኛው መጋጠሚያ እነዚህን ሁለቱን ለማሟላት የሚደረግ ብልሃት ነው።

ቀላሉ ብልሃት ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለት እኩል ውፍረት ያላቸው እንጨቶች በሚተላለፉበት ቦታ ላይ የእያንዳንዳቸው ግማሽ ውፍረት ይወጣል፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲቀመጥ ልክ እንደ አንድ እንጨት እኩል ይሆናሉ። የሚገናኙት በሰፊው በጎናቸው ስለሆነ ኮላው አጥብቆ ይይዛል፣ የተቦረቦረው ግድግዳም ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳይንሸራተቱ ያግዳቸዋል። እጃችሁን ማፍታታት የምትፈልጉ ከሆነ ከቁራጭ ጣውላ አንድ መስቀል ሥሩ። ግማሽ በግማሽ የተጋጠመው መስቀል ያለ ኮላ አንስታችሁት ካልወደቀ፣ መጋዛችሁም መሮአችሁም ታዘውላችኋል ማለት ነው።

ይህ መጋጠሚያ ለእኛ አገር እንግዳ እንዳይመስላችሁ። አክሱም ሄዳችሁ በትልልቆቹ ሐውልቶች ላይ በረድፍ የወጡትን ክብ ክብ ጉብታዎች አይታችኋል? «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት ናቸው። በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ለጌጥ ቢሆንም፣ መነሻቸው እውነተኛ የእንጨት ሥራ ነው። የጥንቱ ግንበኛ በድንጋዩ ግድግዳ ውስጥ ረጃጅም አግዳሚ እንጨቶችን ያስተኛል። ከዚያ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶችን ቦርቡሮ በአግዳሚዎቹ ላይ ያስነክሳል፤ የእነዚህ አጫጭሮች ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይታያል። ያ የወጣው ጫፍ ነው የዝንጀሮ ራስ። በእንጨት የተሠራውን ማየት የፈለገ ደብረ ዳሞ ወይም ላሊበላ አጠገብ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን ይመልከት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሐውልቱን የጠረበው ሰው ነው። ድንጋይ ምንም መጋጠሚያ የማያስፈልገው ወጥ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ከ1,600 ዓመታት በላይ በፊት የአናጢውን መጋጠሚያ አክብሮ በጠንካራ ድንጋይ ላይ ቀረጸው።

ወጥ ካልኩ አይቀር፣ የጅማን በርጩማ አስታውሱ። ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል መጋጠሚያ የለውም፤ የሚላላም ነገር የለውም። ውብ ነው። ችግሩ ከግንዱ አብዛኛው ፍርፋሪ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ወፍራም ዛፍም ይፈልጋል። መጋጠም የሚያስፈልገን በቀጭን እንጨት ትልቅ ዕቃ ለመሥራት ነው።

ወደ ረከቦታችን እንመለስ። እግሮቹን የሚሸከመው መጋጠሚያ ምላስና ጉድጓድ ነው። የአግዳሚው ጫፍ ከሁለት በኩል ይቀነስና ምላስ ይሆናል፤ በእግሩ ላይ ደግሞ ምላሱ ልክክ ብሎ የሚገባበት ጉድጓድ በመሮ ይፈለፈላል። ምላሱ ውስጥ ሲገባ ጎኖቹ ከጉድጓዱ ጎኖች ጋር ይተቃቀፋሉ፣ ስለዚህ ኮላው የሚይዘው ጎን ከጎን ነው። ምላሱ የሚጀምርበት የተቆረጠው ደረጃ፣ ትከሻው ማለት ነው፣ እግሩን ተደግፎ ሲቆም ረከቦቱ በጎን ሲገፋ እንዳይዘም ያደርገዋል። ብዙ ጀማሪ ሰው ስለ ምላሱ ብቻ ይጨነቃል። በእኔ እምነት ትከሻው እኩል ክብር ይገባዋል፤ ትከሻው ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ምላሱ ምንም ያህል ጥብቅ ቢሆን ዕቃው ይነቃነቃል።

ይህ ብልሃት ምን ያህል የቆየ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? በጀርመን ላይፕዚሽ አካባቢ ከ7,000 ዓመታት በፊት የተቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ውስጣቸው የተሸፈነው በባሉጥ እንጨት ሲሆን ማዕዘኖቹ በምላስና በጉድጓድ የተጋጠሙ ናቸው። ያን ጊዜ ብረት አልነበረም፤ የተሠሩት በድንጋይ መጥረቢያ ነው። በጊዛ ከታላቁ ፒራሚድ ሥር እ.ኤ.አ. በ1954 የተገኘው የንጉሥ ኩፉ ጀልባም ከ43 ሜትር በላይ ርዝመት ይዞ፣ ጣውላዎቹ በገመድ ስፌትና በእንጨት ምላስ የተያያዙ ናቸው፤ ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ «ዘመናዊ መሣሪያ የለኝም» የሚለውን ሰበብ ለጊዜው እናቆየው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በ45 ዲግሪ ተቆርጦ የሚገጥም ማዕዘን፣ በሥዕል ፍሬም ላይ የምታዩት፣ ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ጫፍ ከጫፍ ስለሚገናኝ ብቻውን ደካማ ነው። የርግብ ጅራት የሚባለው ደግሞ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ጥርስ ሲሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚገባ በሌላው አቅጣጫ ቢጎትቱት አይወጣም። ለመሳቢያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ መሳቢያ ሥራው መጎተት ነውና። ጥርሱ ለለስላሳ እንጨት 6 ሲወርድ 1፣ ለጠንካራ እንጨት 8 ሲወርድ 1 ያህል እንዲዘም ይደረጋል። ለመጀመሪያ ረከቦት መሳቢያ አትሥሩ። ሁለተኛው ላይ ትደርሱበታላችሁ።

አሁን ዕቅድ። እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ እንጨት የሚባክነው በመጋዝ ሳይሆን በችኮላ ነው።

ረከቦት ትንሽ ስለሆነ በእውነተኛ መጠኑ ልትስሉት ትችላላችሁ። የካርቶን ጀርባ ወይም አሮጌ የቀን መቁጠሪያ በቂ ነው። ገበታው 50 በ35 ሴንቲ ይሁን። ከሥሩ ያለው ማዕቀፍ፣ ማለትም አራት እግርና አራት አግዳሚ፣ በውጪ ሲለካ 46 በ31 ይሁን፤ ገበታው በየዙሪያው ሁለት ሁለት ሴንቲ ይወጣል። እግሮቹ 4 በ4 ሆነው 20 ሴንቲ ቁመት፣ አግዳሚዎቹ 2 ሴንቲ ውፍረትና 7 ሴንቲ ስፋት። ምላሱን የአግዳሚው ውፍረት አንድ ሦስተኛ አድርጉት የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ ያ 6.7 ሚሊ ገደማ ይሆናል፣ ገበያ ላይ ያለው መሮ ግን 6 ሚሊ ነው። መሮውን ተከተሉ። ጉድጓዱን የሚወስነው መሮው ስለሆነ ምላሱን ከመሮው ጋር ማስማማት ይቀላል።

ሥዕሉ ጥቅሙን የሚያሳየው አሁን ነው። አግዳሚውን በእግሩ መሐል ላይ አድርጋችሁ 2 ሴንቲ ተኩል ምላስ ስታስገቡ እዩት። ከሌላኛው ጎን የሚመጣው ምላስም እዚያው መሐል ይደርሳል፤ ሁለቱ ምላሶች እግሩ ውስጥ ይጋጫሉ! ይህን በወረቀት ላይ ማወቅ ምንም አያስከፍልም፣ እግሩን ከፈለፈላችሁ በኋላ ማወቅ ግን አራት እግር ያስከፍላል። መፍትሔው አግዳሚውን ወደ ውጪ መግፋት ነው። ከእግሩ ውጪ ገጽ ግማሽ ሴንቲ ብቻ ወደ ውስጥ እንዲገባ ብታደርጉት፣ የምላሱ ቦታ ወደ ውጪ ይሸሽና እያንዳንዱ ምላስ ሳይጋጭ 2 ሴንቲ ሊገባ ይችላል። ጉድጓዱን 21 ሚሊ ቆፍሩት፤ የተረፈችው አንድ ሚሊ ለተትረፈረፈ ኮላ ናት።

ከሥዕሉ የመቁረጫ ዝርዝር ይወጣል። በእግሮቹ መካከል የሚታየው የረጅሙ አግዳሚ ርዝመት 38 ሴንቲ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ 2 ሴንቲ ምላስ ሲጨመር 42 ይሆናል። አጭሩ 23 ነው፣ ከነምላሱ 27። ምላስን ደምሮ መቁረጥ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የተደመረውን ቁጥር ብቻ ጻፉ። እግሮቹን 20 ሳይሆን 22 አድርጋችሁ ቁረጡ። ጉድጓዱ ከእግሩ አናት አጠገብ ስለሚፈለፈል፣ ከላይ የተረፈችው ሁለት ሴንቲ በመሮው ምት እግሩ እንዳይሰነጠቅ ታደርጋለች፤ መጨረሻ ላይ ትቆረጣለች። መጋዝም በእያንዳንዱ ቆረጣ ሁለት ሦስት ሚሊ ይበላል። ይህን ሁሉ ስታስቡ ለእግር አንድ ሜትር፣ ለአግዳሚ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃችኋል።

ገበታው ላይ ውሳኔ አለ። ስኒ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን ጠርዝ ያስፈልገዋል። ገበታው ከወጥ ጣውላ ከሆነ በስፋቱ ያብጣል፣ በአጭሩ ጎን የተጣበቀው ጠርዝ ግን በርዝመቱ አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ይጣላሉ፣ በሁለተኛው ክረምት ስንጥቅ ታያላችሁ። ስለዚህ እንጨት ወዳጆች ቢቆጡኝም፣ ለመጀመሪያ ረከቦት ገበታውን በ12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ሥሩት እላለሁ። ኮምፔርሳቶ ቀጫጭን የእንጨት ንጣፎች ቃጫቸው እየተመሳቀለ የተጣበቁበት ስለሆነ እርጥበት ብዙም አያንቀሳቅሰውም። 47 በ32 ቁረጡት፤ ዙሪያውን ውፍረቱ 1.5፣ ስፋቱ 3 ሴንቲ የሆነ ጠርዝ በ45 ዲግሪ አጋጥማችሁ ስታለብሱት 50 በ35 ይሆናል፣ ለዚህም ሁለት ሜትር ይበቃል። ደካማ ነው ያልኩት የ45 ዲግሪ ማዕዘን እዚህ ይሠራል፤ ጠርዙ በሙሉ ርዝመቱ ኮምፔርሳቶው ላይ ስለተጣበቀ ማዕዘኑ የሚሸከመው ጭነት የለም።

ለእግርና ለአግዳሚ ምን እንጨት? ምርጫ ካላችሁ ዋንዛ። ለመሮ ይታዘዛል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም። ጥድ ሽታው ደስ ይላል፣ ምስጥም አይደፍረውም፤ ነገር ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ጉድጓድ ስትፈለፍሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወይራ ለጀማሪ አይመከርም፤ መሮ ያደነዝዛል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ አጠና ተራ ሞልቷል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለአጥር የተፈጠረ ነው። ዋንዛ ስትገዙ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ የነበረው እያለቁ ስለሆነ ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ በር ወይም የተሰበረ አልጋ ካገኛችሁ ከሁሉም ይሻላል፤ ለዓመታት ቆይቶ መድረቁን ጨርሷል። ሚስማሩን ግን ለቅማችሁ አውጡ፣ የመጋዝ ጠላቱ እሱ ነው።

አዲስ የተሰነጠቀ እንጨት ከሆነ ለእያንዳንዱ 2 ሴንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ ይድረቅ ይላል የአናጢዎች ግምት። የደረቀውንም ቢሆን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ አቆዩት፣ የቤቱን አየር ይልመድ። ጉጥ ያለበትን ቦታ ለምላስ አታድርጉት፤ ጉጥ አጠገብ ቃጫው ስለሚጠማዘዝ ምላሱ ይሰበራል።

በሥራው ላይ ሜትርን ለግዢ ብቻ ተጠቀሙበት ብል አላጋነንኩም። አራቱን እግሮች አንድ ላይ ደርድራችሁ በስኳድራ አንድ መስመር በአራቱም ላይ አሳልፉ፤ አራት ጊዜ ከለካችሁ አራት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ። ስኳድራው ራሱ ቀጥ ማለቱን ከተጠራጠራችሁ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 30፣ በሌላው 40 ሴንቲ ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 50 ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ለመቁረጫው መስመር ከእርሳስ ይልቅ ስለታም ቢላዋ ይሻላል፣ ቃጫውን ቀድሞ ስለሚቆርጥ ጠርዙ አይፈረፈርም። መጋዙን ሁልጊዜ ከመስመሩ ወዲያ፣ በሚጣለው በኩል አሂዱት። መሮአችሁን ሳሉ፣ ደጋግማችሁም ሳሉ። የደነዘ መሮ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጥና እጅ ይቆርጣል፤ ሁለቱም እጆቻችሁ ከስለቱ በስተኋላ ይሁኑ።

ጉድጓዱን አስቀድሙ፣ ምላሱን አስከትሉ። የጠበበ ጉድጓድ ማስተካከል ያስቸግራል፣ የወፈረ ምላስ ግን በመሮ ስስ ልጣጭ እያነሱለት ልክ ይገባል። ልኩ የሚታወቀው በእጅ ነው፦ በመዳፍ ግፊት ከገባ፣ ገልብጣችሁት ካልወደቀ፣ ደርሷል። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ካለ እግሩን ይሰነጥቃል።

ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ሁሉንም በደረቁ ገጣጥሙት። ማዕዘኖቹ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ማዕቀፉን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሏል። በእኛ መጠን 55 ሴንቲ ተኩል ገደማ መምጣት አለባቸው። ከዚያ በነጭ የእንጨት ኮላ በመጀመሪያ ሁለቱን አጫጭር ጎኖች፣ እነሱ ሲይዙ ረጃጅሞቹን። ሞርሳ ከሌላችሁ ማዕቀፉን በገመድ ሁለት ዙር አስራችሁ፣ ገመዱ ውስጥ ዱላ አስገብታችሁ ጠምዝዙት፤ አጥብቆ ይይዛል። በትከሻው ዙሪያ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አለዚያ እዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ ቫርኒሹን አይጠጣም። እግሮቹ ላይ የተረፈችውን ሁለት ሴንቲ ቁረጡ፣ ገበታውን በአግዳሚዎቹ አናት ላይ በኮላ አጣብቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ወደ ቃጫው አቅጣጫ ብቻ አለስልሱ። ቫርኒሹን ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ የኮምፔርሳቶውንም ሥር አትርሱ፤ ነጭ ኮላ ውኃ አይወድም፣ ቡና ደግሞ መፍሰሱ አይቀርም።

አንድ የመጨረሻ አደራ። ኮላው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የያዘ ይመስላል፣ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ጎረቤት ለቡና የምትጠሩ ከሆነ ለማግስቱ ጥሩ።